የመስከረም ማብቂያ የግቢ ድግስ፦ በእጅ የሚሠሩ ጨዋታዎችና የእሸት ወቅት ምግቦች

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ ያለው ቅዳሜ ለእኔ የተለየ ቀን ነው። የበዓሉ ሩጫ አልቋል። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ የልጆቹ ልብ ግን ገና ውጭ ነው። አደይ አበባው አልረገፈም። በየመንገዱ ዳር በቆሎ ይጠበሳል። ጭቃው መጠጠር ጀምሯል። እኛ የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎች ነን፤ በብሎካችን መሀል ያለችውን ግቢ ይዘን በዚህ ሰሞን የጎረቤት ድግስ ማድረግ ከጀመርን ቆየን። ልጆችም ወላጆችም አያቶችም ይመጣሉ።

ከሱቅ የተገዛ ጨዋታ የለንም። ሁሉንም ከእንቁላል ካርቶን፣ ከአሮጌ ካልሲ፣ ከጣሳና ከጭራሮ ነው የምንሠራው። ምግቡም የወቅቱ ነው። ደግሜ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ ድግሱን የሚያደምቀው አዋቂው ከወንበሩ ተነሥቶ ሲጫወት ነው። ልጆቻችን ገበጣ የማያውቁት ጨዋታው ስለጠፋ አይደለም፤ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያሳያቸው ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስታነቡ "ይሄን ጨዋታ ከአዋቂ ማን ይጫወተዋል?" እያላችሁ አንብቡት።

ቀኑን መምረጥ

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው። መጸው የሚገባው በማግስቱ፣ መስከረም 26 ሲሆን እስከ ታኅሣሥ 25 ይቆያል። መስቀል ራሱ መስከረም 17 ስለሚውል ገና ክረምት ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን ችላ ብለን በመጀመሪያው ዓመት ልክ በመስቀል ማግስት ጎረቤቱን ጠራን። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዶፍ ወረደ። በጠመኔ ያሠመርነው ሁሉ በአንድ አፍታ ታጠበ። ከሰሉም ጠፋ። ትንሿ ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለሰኞ ማክሰኞዋ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ወደ መስከረም መጨረሻ እንገፋዋለን፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቢያድርም አንድ ሸራ ከነገመዱ አዘጋጅተን እንጠብቃለን።

ወደ መጨረሻው ሲገፋ ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር ይመጣል። መስከረም 26 የጽጌ ጾም ይጀምራል፤ እስከ ኅዳር 5 ነው። የፈቃድ ጾም ስለሆነ አንዱ ይጾማል፣ አንዱ አይጾምም። ሙስሊም ጎረቤቶችም አሉን። በዚህ የተነሣ በዚህ ድግስ ስጋ አንሠራም። መጀመሪያ ላይ "ያለ ስጋ ምን ድግስ አለ" ያሉ ነበሩ። አሁን ግን ሁሉም ከአንድ መሶብ ስለሚቆርስ ማንም አያነሣውም። ቅቤና አይብ ለብቻ በሳህን ይቀርባሉ፤ የፈለገ ይጨምራል።

ሰው ስትጠሩ "ልጆቻችሁን ላኩልን" አትበሉ። "ከልጆቻችሁ ጋር ኑ" በሉ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ልጆቹን ብቻ ከላኩላችሁ ሞግዚት ሆናችሁ ትውላላችሁ። እኛ አብዛኛውን ጊዜ አሥራ ሁለት ያህል ልጅና ወደ አሥር የሚጠጋ አዋቂ እንሆናለን። ከታች የምሰጠው መጠን ለዚህ ያህል ሰው ነው።

ቀደም ብሎ የሚሰበሰብ ነገር

ሳምንቱን ሙሉ ለጎረቤት ሁሉ እንናገራለን፤ "የእንቁላል ካርቶን አትጣሉ፣ የቲማቲም ድልህና የወተት ጣሳ አጥባችሁ አስቀምጡ፣ ነጠላ የቀረ ካልሲ ካለ ስጡን።" ነጠላ ካልሲ የሌለበት ቤት የለም። ከዚህ ሌላ ጠመኔ፣ ሲባጎ፣ አራት አምስት ሜትር የልብስ ላስቲክ፣ አንድ መሀረብ፣ አንድ እቅፍ ቀጭን ጭራሮና ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ይበቃል።

አደይ አበባ ከመንገድ ዳር መግዛት ይቻላል። ሜዳ ላይ ራሳችሁ የምትቀጥፉ ከሆነ ግን ከነሥሩ አትንቀሉት። አደይ ዘሩን መሬት ላይ ጥሎ ነው ለከርሞ የሚበቅለው። ግንዱን በመቀስ ቆርጣችሁ ከየቦታው ጥቂት ጥቂት ውሰዱ።

ገበጣ ከእንቁላል ካርቶን

ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እዘረዝረዋለሁ።

ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ካርቶን በአንድ በኩል አምስት፣ በሌላው በኩል ስድስት ጉድጓድ አለው። ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸውን ሁለት መደዳዎች አንድ ላይ አድርጋችሁ በመቀስ ቁረጡ። አሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለው ገበጣ ሆነላችሁ ማለት ነው። ከአንዱ ካርቶን ሁለት ገበጣ ይወጣል፤ አንድ መደዳ ይተርፋል። የተረፈውን ለየብቻ ቆራርጣችሁ ተጫዋቾቹ የበሉትን የሚያጠራቅሙበት አድርጉት። ካርቶኑ ቀላል ስለሆነ ልጅ ሲነካው ይገለበጣል፤ ከሥሩ ጠንካራ ወረቀት ለጥፉበት። ቀለም ካላችሁ ልጆቹ ይቀቡት። የእኛዎቹ አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ቢጫ ቀብተው አሁን "አረንጓዴው የእኔ ነው" የሚል ሙግት የየዓመቱ ነው።

በየጉድጓዱ አራት አራት ሽምብራ ይገባል፤ በድምሩ 48። ገበጣ በሀገራችን ባለ ሁለት መደዳም ባለ ሦስት መደዳም አለ፤ ሕጉም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት የየአካባቢውን ገበጣ ሲመዘግቡ በርካታ ዓይነት ነው ያገኙት። ስለዚህ ከእንግዶቻችሁ መካከል አንድ አዛውንት "እኛ ጋ እንዲህ አይደለም" ካሉ የእሳቸውን ሕግ ተማሩ። እኛ ለጀማሪ ልጆች የምናስተምረው ቀላሉን ነው፦

ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። በየፊታቸው ያለው መደዳ የራሳቸው ነው። ተራው የደረሰው ከራሱ መደዳ አንዱን ጉድጓድ መርጦ ያለውን ሽምብራ በሙሉ ያነሣል። ከዚያ ወደ ቀኙ እየሄደ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ይጥላል። የራሱ መደዳ ሲያልቅ ወደ ተቃራኒው መደዳ ይዞራል። የመጨረሻዋ ሽምብራ የወደቀችበት ጉድጓድ ቀድሞ ሽምብራ ካለበት፣ ሁሉንም አንሥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ባዶ ጉድጓድ ላይ ከወደቀች ተራው አለቀ። ያ ባዶ ጉድጓድ በራሱ መደዳ ከሆነ ግን ትይዩው ባለው የባላጋራው ጉድጓድ ያለውን ሽምብራ ይበላል። ተራው ደርሶ መደዳው ባዶ የሆነበት ሰው ሲኖር ጨዋታው ያበቃል፤ በሌላው መደዳ የቀረው ለባለቤቱ ይሆናል። ብዙ የሰበሰበ አሸናፊ ነው።

ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ በሁለት ዙር ይገባዋል። ዘጠኝ ዓመት ላይ ያለው ደግሞ ከመጫወቱ በፊት በዓይኑ መቁጠር ይጀምራል። ጣቱን አንሥቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ የት እንደሚያልቅ ሲያሰላ ማየት ደስ ይላል። አቀማመጡን እንዲህ አድርጉ፤ ልጅ ከልጅ ሳይሆን ልጅ ከአዋቂ። የመጀመሪያውን ዙር አዋቂው እየተናገረ ይጫወት፤ "ይቺን ባነሣ እዚህ ላይ ታልቃለች፣ ስለዚህ ሌላ ልፈልግ" እያለ። ሽምብራ ሕፃናት አፍንጫና አፍ ውስጥ ስለሚከቱት ከሦስት ዓመት በታች ያሉትን ከገበጣው አርቁ።

የካልሲ ኳስና ጣሳ

ኳሱን ለመሥራት ቁርጥራጭ ጨርቅ በጡጫ መጠን ጠቅልሉ። ካልሲው ጫፍ ድረስ አስገቡት። አሁን የካልሲውን አንገት አንዴ ጠምዝዙና የቀረውን ገልብጣችሁ ኳሱን አልብሱት። እንደገና ጠምዝዙ፣ እንደገና አልብሱ። ካልሲው ሲያልቅ ጫፉን በመርፌ ስፉት። አንድ ሁለት ተጨማሪ ካልሲ ከላይ ብትደርቡ የበለጠ ይከብዳል፤ ሲወረወርም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሰፈር ውስጥ ያደገ ወንድ ሁሉ ይህን ኳስ ሠርቶ ያውቃል። ሥራውን ለአባቶች ስጧቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታችን ኳሱን እጁ ላይ እያገላበጠ "እንዴት ነበር የምንሰፋው?" ብሎ ትንሽ ካሰበ በኋላ እጁ ራሱ አስታወሰው። ልጁ አጠገቡ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያየው ነበር።

ስድስት ጣሳ ከታች ሦስት፣ ከመሀል ሁለት፣ ከላይ አንድ አድርጋችሁ ደርድሩ። የጣሳው አፍ ስለት ካለው በመዶሻ ቀጥቅጡት ወይም በፕላስተር ሸፍኑት። ለትንንሽ ልጆች አራት እርምጃ፣ ለትልልቆቹ ሰባት እርምጃ ርቀት ይበቃል። አዋቂዎች ከዘጠኝ እርምጃ፣ ያውም በማይመቻቸው እጅ ይወርውሩ። ሦስት ውርወራ ለአንድ ሰው። ይህች "በማይመች እጅ" የምትለው ሕግ ልጅና አባትን እኩል ታደርጋለች።

ደመራ ማቆም

ይህን ጨዋታ እኛው ነን የፈጠርነው። እሳት የለበትም። ከአራት እስከ አምስት ሰው ያለው ቡድን ይሠራል፤ በየቡድኑ ቢያንስ አንድ አዋቂ ይግባ። ለእያንዳንዱ ቡድን ሠላሳ ቀጭን ጭራሮ፣ ሁለት ክንድ ሲባጎና ጥቂት አደይ አበባ ይሰጣል። ጭራሮው ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ቢረዝም ጥሩ ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚቆም ደመራ መሥራት አለባቸው፤ ጫፉ ላይ አደይ አበባ ይኑረው።

ጊዜው ሲያልቅ ፈተናው ይመጣል። አንድ ሰው ሁለት እርምጃ ርቆ በሰፌድ አሥር ጊዜ ያራግባል። ሳይወድቅ የቆየ ያሸንፋል። ልጆቹ መጀመሪያ ጭራሮውን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስበው ያሥራሉ፤ ያ ወዲያው ይወድቃል። መሀል ላይ አንዱን አቁሞ ሌሎቹን ዙሪያውን ማስደገፍ፣ እግሮቹን ማራራቅ እንደሚበጅ በራሳቸው እስኪደርሱበት ታገሡ። አዋቂው እጁን ያበድር እንጂ መልሱን አይናገር። ሰፌዱ ሲነሣ ግቢው ጸጥ ይላል። ደመራው ሲወድቅ ደግሞ ልጆቹ "ወደ ምሥራቅ! ወደ ምሥራቅ!" ብለው ይጮኻሉ፤ ትልልቆቹ እውነተኛው ደመራ ወደየት እንደወደቀ አይተው ስለ ዓመቱ ሲነጋገሩ ሰምተዋልና። አቅጣጫ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላውቅም።

ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞና መሀረቤን ያያችሁ

እነዚህን ብዙ መግለጽ አያስፈልግም፤ የሚያውቃቸው ሰው በየቤቱ አለ። ለሱዚ ላስቲኩን ጫፍና ጫፉን አሥራችሁ ሁለት ሰው በእግሩ ወጥሮ ይቁም። ከቁርጭምጭሚት ተነሥታችሁ ወደ ጉልበት፣ ከዚያ ወደ ወገብ ከፍ አድርጉት። ሁለት ልጅ ከሌለ ሁለት ወንበርም ይወጥረዋል። እናቶችን ለመጀመር መለመን ይኖርባችሁ ይሆናል፤ አንዴ ከጀመሩ ግን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ልጆቹን ተራ ይነሷቸዋል።

ሰኞ ማክሰኞውን በጠመኔ አሥምሩ። በየሳጥኑ የቀኑን ስም ጻፉበት፤ ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች እየዘለሉ ያነባሉ። ለጠፍጣፋ ድንጋይ ምትክ የብርጭቆ ስባሪ የሚጠቀሙ ልጆች አያለሁ፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ግቢውን ጥረጉ።

ትንንሾቹን ክብ ሠርታችሁ አስቀምጡና መሀረቤን ያያችሁ አጫውቷቸው። አንዱ መሀረብ ይዞ ከጀርባቸው እየዞረ "መሀረቤን ያያችሁ?" ሲል እነሱ "አላየንም!" ይላሉ። መሀረቡ ከኋላው የተጣለበት ልጅ ተነሥቶ ያባርራል። አያቶች ክቡ ውስጥ ቢቀመጡ ልጆቹ በደስታ ያብዳሉ፤ መሀረቡን ሁልጊዜ ከእነሱ ጀርባ ነው የሚጥሉት። መነሣት የማይችል አዛውንት ካለ አንድ ልጅ "ሯጭ" አድርጋችሁ ስጧቸው።

ዳቦው ከዋዜማው ይጀምራል

ወደ ምግቡ ስንመጣ ቀድሞ የሚታሰበው ድፎ ዳቦ ነው፤ ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። እኔ አርብ ማታ አቡክቼ ሌሊቱን አሳድረዋለሁ። የመስከረም ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ሊጡ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ጣዕሙም ያምራል።

ለሁለት ድፎ 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላልና ግማሽ ብርጭቆ ዘይት ያዙ። ለብ ያለ ውሃ ከ1.3 እስከ 1.4 ሊትር ይወስዳል፤ ሁሉንም በአንዴ አታፍስሱ፣ ዱቄቱን እያያችሁ ጨምሩ። ሊጡ ከተለመደው ዳቦ ሊጥ ትንሽ ላላ ብሎ እጅ ላይ መጣበቅ አለበት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በደንብ አሹት። ሰፋ ባለ ዕቃ አድርጋችሁ ከድናችሁ አሳድሩት። ዕቃው ከጠበበ ሌሊት ገንፍሎ ወለል ላይ ታገኙታላችሁ።

ጠዋት ኮባውን አዘጋጁ። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ወፍራሙን የመሀል አጥንት በቢላ ስስ አድርጉት። ከዚያ ምድጃ ላይ በፍጥነት አሳልፉት። ጠንካራው ቅጠል እያያችሁት ለስለስ ይላል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ቤቱንም የራሱ ሽታ ያውደዋል። ይህን ካልዘለላችሁ ሲታጠፍ አይቀደድም። ምጣዱ ላይ ወይም ትሪው ላይ አንጥፉት፤ ሊጡን ለሁለት ከፍላችሁ ገልብጡበት፤ በላዩ ሌላ ኮባ አልብሱት። ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደገና ይነሣ።

በኦቭን ከሆነ በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ምጣዱን አግላችሁ ከዚያ እሳቱን ቀንሱት፤ መቀነሻ የሌለው ከሆነ እያጠፋችሁ እያበራችሁ ጋግሩ። አርባ ደቂቃ ያህል ሲሆን ትሪ ደፍታችሁ ገልብጡትና ሌላውን ጎን ሃያ ደቂቃ ያህል አብስሉት። መብሰሉን ለማወቅ ቀጭን እንጨት መሀሉ ድረስ ውጉ፤ ሊጥ ይዞ ካልወጣ ደርሷል። ትኩሱን አትቁረሱት፤ በጨርቅ ተሸፍኖ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ።

የበቆሎ እሸት

ለአንድ ሰው አንድ ተኩል በቆሎ አስቡ፤ እኛ ወደ ሠላሳ አምስት እንገዛለን። ስትገዙ ጢሙን እዩ። ቡናማ ሆኖ የደረቀ መሆን አለበት። ልባሱን ትንሽ ገልጣችሁ አንዷን ፍሬ በጥፍር ጫን በሉ። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ ለጥብስም ለቅቅልም ይሆናል። ውሃ ብቻ ከወጣ ገና ጨቅላ ነው። ምንም ካልወጣ አርጅቷል፤ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጠዋት የተቆረጠውን በዚያው ቀን ተጠቀሙበት፤ ባደረ ቁጥር ጣፋጭነቱ ይቀንሳል።

ከሰሉን ነበልባሉ እስኪጠፋና ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁት። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ውጭው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ልባሱን ወደኋላ ልጣችሁ እንደ መያዣ ተዉት። በቆሎውን እያገላበጣችሁ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ጥበሱ። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምርና ቦታ ቦታ ላይ ቡናማ ሲሆን አንሡት። ከሰል ዝግ ቤት ውስጥ በፍጹም አታንድዱ፤ ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል። ዝናብ ከመጣም ማንደጃውን ወደ ቤት አታስገቡ፤ በቆሎውን ቀቅሉት።

ለቅቅል የውጭውን ሻካራ ልባስ ብቻ አንሡና የውስጡን ለስላሳ ልባስ ተዉለት። ድስቱን ክዳን ገጥማችሁ ሠላሳ ደቂቃና ከዚያ በላይ ቀቅሉ። የወፈረው ፍሬ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ጥርስ የሌላቸው አዛውንቶችና ሕፃናት የሚበሉት ይህን ስለሆነ ጥቂት ሁልጊዜ ይኑር።

ጎመን፣ ሱፍና ብርዝ

ጎመን ክትፎ ከጉራጌ የመስቀል ማዕድ የተማርነው ነው። ሁለት ኪሎ ጎመን ግንዱን አውጥታችሁ እጠቡ፤ ለሩብ ሰዓት ያህል ቀቅሉ። ቀዝቀዝ ሲል በእጃችሁ ጨምቁት። እዚህ ላይ ጉልበት አትቆጥቡ፤ ውሃው ካልወጣ ክትፎ ሳይሆን ወጥ ይሆናል። ከዚያ ደቃቅ እስኪሆን ክተፉት። ለሁለት ክፈሉት። አንዱን በንጥር ቅቤ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ ለውሱ፤ አይብ ከጎኑ ይቅረብ። ሌላውን ለጾመኛ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል አሙቁት። ማንኪያዎቹ እንዳይደባለቁ ሳህኖቹን አራርቃችሁ አስቀምጡ።

ለሱፍ ፍትፍት ሁለት ብርጭቆ ሱፍ ለሩብ ሰዓት ቀቅላችሁ አቀዝቅዙ፤ በውሃ ፈጭታችሁ አጥልሉት። ወተት የመሰለው ፈሳሽ ላይ ደቃቅ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ዝንጅብልና ጨው ጨምሩ። እንጀራውን የምትፈተፍቱት ልክ ሊበላ ሲል ነው፤ ቀድማችሁ ካደረጋችሁት ይላቁጣል።

ብርዝ ለልጆች ከለስላሳ መጠጥ ይሻላል። አንድ ኪሎ ማር በስድስት ሊትር የተፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ። ጠዋት ሠርታችሁ በዚያው ቀን ጨርሱት፤ ከቆየ መፍላት ይጀምራልና ለልጅ አይሆንም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም። ፈንዲሻም ለትንንሾቹ ያንቃል፤ አራት ዓመት ላልሞላቸው ዳቦ ስጧቸው።

የቀኑ አካሄድ

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በገበጣና በጣሳ እንጀምራለን፤ ሰው እየተንጠባጠበ ስለሚመጣ መጠበቅ የማይፈልግ ጨዋታ ያስፈልጋል። ሁሉም ሲሰበሰብ ደመራ ማቆም ይቀጥላል። ከሰሉ የሚቀጣጠለው በዚህ ሰዓት ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅ አመድ ለብሶ ይጠብቃል። 10 ሰዓት ላይ ዳቦው ይቆረሳል። በዕድሜ ትልቁ ሰው ይባርኩና ይቁረሱ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለትንሹ ልጅ እንሰጣለን። ከምግብ በኋላ መሮጥ የሚፈልግ ልጅ ይሩጥ፤ ቡናው እስኪፈላ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ አለ።

ሲመሽ ቡናው ዙሪያ እንቆቅልሽ ይጀመራል። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልህ!" "ውሎ ቢሄድ፣ አድሮ ቢሄድ የማይደክመው?" ወንዝ። ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ልጆቹ የለመዱትን ሲጨርሱ በዕለቱ ካዩት ነገር አዲስ እንዲፈጥሩ ንገሯቸው። የሰባት ዓመቷ የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው መስከረም በበቆሎ የጠቆረ አፏን እየጠረገች እንዲህ አለች፦ "ጢም አለው ሽማግሌ አይደለም፣ ጥርስ አለው አይነክስም።" አንድ አባባ ሐረርን ሰጥተዋት መልሱን ጠየቋት።

ከሀገር ውጭ ለምትኖሩ

ዋሽንግተንና አካባቢው ላሉ ወዳጆቼ ይህን ሳወራቸው መጀመሪያ የሚያነሡት በቆሎውን ነው። እዚያ በብዛት የሚሸጠው ጣፋጭ በቆሎ ለስላሳ ስለሆነ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ይጨማደዳል። ለኮባ ምትክ በበረዶ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ከእስያ ሱቆች ማቀዝቀዣ ይገኛል። እሱ ከጠፋ የመጋገሪያ ወረቀት ይሠራል፤ ሽታው ግን አይመጣም። ለአደይ ቢጫ ወረቀት ቆርጦ መሥራት ራሱ ለልጆች አንድ ጨዋታ ነው። ፓርክ ውስጥ ከሆነ ቦታውን ቀድማችሁ ያዙ፤ እሳት የሚፈቀድበትንም ጠይቁ። በዓረብ ሀገራት ያላችሁ መስከረም ላይ ገና ሙቀት ስለሆነ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጀምሩ።

ጽዳቱን ለነገ አታሳድሩ። ኮባውና የበቆሎው ልባስ ወደ አትክልቱ ሥር ይሄዳል። ቆሮቆንዳውን አድርቁት፤ ለማንደጃ ማቀጣጠያ ይሆናል። ካልሲ ኳሶቹን አጥባችሁ ስቀሉ። ሽምብራዎቹን ልጆቹ ይቁጠሩ፤ ለየገበጣው 48 መሙላቱን አይታችሁ በጣሳ ክደኑ። በእኛ ጣሳ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ይጎድላል፤ ጥቅምት ላይ ከሶፋው ሥር ይገኛሉ።